ከአለት የተፈለፈለ ፈቃድ

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ዳገት በእግርም በበቅሎም ይሄዱበታል። ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ገዳሟ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ ተቀምጣለች። ወደ መጨረሻው መንገዱ በገደሉ ጥግ እየጠበበ ሄዶ በአለት መካከል ባለ ስንጥቅ ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያኗ አለች። በአገሬው ትውፊት ሥራዋን ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሯት ከእሱ በኋላ የነገሠው ነአኩቶ ለአብ እንዳስፈጸማት ይነገራል። ከታች ከተማው ውስጥ ካሉት ከእነቤተ ጊዮርጊስ ጋር ሲያስተያዩት የአሸተን ፈለፋ ሻካራ ነው። የግድግዳው ልስላሴም የጠርዙ ቅጥነትም ያንን ያህል አይደለም። እኔን ደጋግሞ የሚያስደንቀኝ ግን አለቱ የት ተከፍቶ የት እንደተተወ ነው።

ግንበኛ ሥራውን የሚጀምረው ከሜዳ ነው። ሜዳ ክፍት ነው፤ ግንበኛው ሰው እንዳይገባበት የፈለገውን ስፍራ ብቻ ይከልላል፤ ሳያስተውል የተወው ክፍተት ካለ ሰውም ከብትም በዚያ ይገባል። ፈልፋይ የሚነሣው ከድፍን አለት ነው። በመጀመሪያ ሁሉም ዝግ ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፈው ቅስት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰው አስቦበት፣ «እዚህ ላይ ይከፈት» ብሎ የከፈተው ነው። የረሳው ነገር ቢኖር ድፍን ሆኖ ይቀራል እንጂ ማንንም አያስገባም። ሥራው ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ዕጣ ፈንታውን ይወስነዋል፤ ላይኛው ላይ የተሳሳተ መሮ ከታች በሚሠራ ጥበብ አይመለስም።

እንጀራዬ የኮምፒውተር አውታር ሥራ ነው። ማን ወደየትኛው የአውታር ክፍል ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውን ፖሊሲ እንጽፋለን። በዚህ ሙያ ጥሩ ሥራ ከመጥፎው የሚለየው በፈልፋዩና በግንበኛው መካከል ባለው በዚሁ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 የኮምፒውተር መረጃ ጥበቃን መርሆች በዘረዘሩበት ጽሑፍ ውስጥ ይህን ሐሳብ አስፍረውታል፤ መነሻው መከልከል ይሁን፣ ምክንያት የሚጠየቅበት መፍቀዱ ይሁን ይላል መንፈሱ። ከዚሁ ጋር ያስቀመጡት ሌላ መርህ አለ። ፈቃድ አንድ ጊዜ ደጅ ላይ ታይቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ መግቢያ ላይ እንደገና ይታያል።

ይህን ሁለተኛውን መርህ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከየትኛውም የሙያ መጽሐፍ በፊት በግልጥ ይዞት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለሦስት ይከፈላል። በቅኔ ማኅሌቱ ካህናትና ደባትር ይቆማሉ፣ ዜማ ይደረሳል። በቅድስቱ ምእመናን ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ከመጋረጃው ወዲያ መቅደሱ ነው፤ ታቦቱ የሚያርፍበት፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት። ከቅጥሩ በር እስከ መጋረጃው ድረስ አንድ ሰው በየደረጃው ይመዘናል፤ የውጭውን በር ማለፉ ለውስጠኛው ዋስትና አይሆነውም። ለመቁረብ ያልተዘጋጀ ሰው ከበሩ አይባረርም፤ በቆመበት ሆኖ ያስቀድሳል።

መጋረጃው ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ልብ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ የሰውየው ስም መልስ አይሆንም። ሚስቱ ሞታበት ሁለተኛ ያገባን ቄስ አስቡ፤ ክህነቱ ፈርሷል ይባላል። ስሙ ያው ነው፣ ክርስትናው ያው ነው፣ ዜማውና ንባቡም አልጠፋበትም፤ ደብሩ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መቅደስ ግን አይገባም። ከጋብቻ በፊት ድንግልናውን ያጣ ዲያቆንም እንደዚሁ ነው። ሊቅ የሆነ መሪጌታ፣ ድጓውን በቃሉ የዘለቀ ቢሆንም፣ ካልተካነ መጋረጃው አይከፈትለትም፤ ትናንት የተካነው ብላቴና ዲያቆን ግን ጧፍ ይዞ ይገባል። በሩን የሚከፍተው ዕውቀትም፣ ዕድሜም፣ መታወቅም አይደለም። ሰውየው ዛሬ የያዘው ማዕረግ ነው።

በእኛ ሙያ ይህን ማዕረግ «ሚና» እንለዋለን። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 መልክ ሰጥተው ያቀረቡት አሠራር ነው። ሐሳባቸው በሦስት ሕግ ይቆማል፦ ሚና ያልተሰጠው ምንም አያደርግም፤ የሚሠራበት ሚና በእርግጥ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ የሚያደርገውም ሥራ ለዚያ ሚና የተፈቀደ መሆን አለበት። በዚህ አሠራር ፈቃድ በቀጥታ ለሰው አይሰጥም። ፈቃድ ለሚና ይሰጣል፣ ሰው ሚናውን ይይዛል፣ ሲለቅ ፈቃዱ ሁሉ አብሮት ይወርዳል። ራቪ ሳንዱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያስፋፉት ሚና መያዝንና በሚናው አሁን መሥራትን ለዩት። ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቄስ ሁልጊዜ ቄስ ነው፤ ያልጾመ ዕለት ግን ከልዑካኑ አንዱ ሆኖ አይቀድስም። ቅዳሴው ራሱ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ ከባድ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳያልቅ ማድረግ በሙያችን የሚና ክፍፍል የምንለው ነው።

አሁን ፖሊሲው እንዴት እንደሚመዘን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ ሆስፒታል እናስብ። ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ ላፕቶፗን ግድግዳው ላይ ካለው መሰኪያ ጋር አገናኘች። ገመዱ የሚያመራበት ስዊች በዚያች ቅጽበት ከአንድ ነገር በቀር ምንም አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈው የማንነት ጥያቄና መልስ ብቻ ነው። ገና ሥራ አልጀመረችም፤ ኢሜይል የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ አጠገቧ ያለውን ኮምፒውተር እንኳ ማየት የለም። አለቱ ድፍን ነው። ይህ አሠራር 802.1ኤክስ ይባላል፤ በደረጃነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

የሥራውን ውበት ከሁሉ በላይ የማየው እዚህ ላይ ነው። ስዊቹ ራሱ አይፈርድም። ማን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይፈለግም። የተሰጠውን ምላሽ ሳይከፍት ወደ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ያሻግራል፣ ከዚያ የሚመጣለትን ፍርድ ይጠብቃል፣ ፍርዱን ይፈጽማል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ራዲየስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በስልክ መስመር ደውለው ኢንተርኔት ለሚገቡ ደንበኞች የተፈጠረ ነው፤ ዛሬም በየቢሮው ግድግዳ ውስጥ ይሠራል። የሰርቨሩ መልስ ከሦስት አንዱ ነው፦ ይግባ፣ አይግባ፣ ወይም ሌላ ጥያቄ ጠይቀው። በር ጠባቂውና ፈራጁ ተለያዩ ማለት ነው። መቶ ስዊች ቢኖር ፍርዱ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ አንዱ ስዊች ተሰርቆ ቢወሰድ የሠራተኛው ዝርዝርና የይለፍ ቃሉ አብሮት አይሄድም።

ሰርቨሩ በመጀመሪያ ገንዘብ ያዥዋ እሷው መሆኗን ያረጋግጣል፤ በሰርተፊኬት ወይም በይለፍ ቃል። እዚህ ላይ የሚያቆም ፖሊሲ ብዙ አይቻለሁ፤ ያ ግማሽ ሥራ ነው። መታወቅ መፈቀድ አይደለም። ደህናው ፖሊሲ ቀጥሎ ማስረጃ ይሰበስባል። በሠራተኞች መዝገብ በየትኛው ክፍል ተመዝግባለች? ማሽኑ የሆስፒታሉ ነው የግሏ? የደኅንነት ማሻሻያው ተጭኖበታል? የተሰካው በየትኛው ሕንፃ ነው? ሰዓቱ ስንት ነው? ይህን ሁሉ ከያዘ በኋላ ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ሁኔታው የገጠመለት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም።

የእኛ ሆስፒታል አምስት ረድፍ አለው እንበል። የመጀመሪያው፣ የሆስፒታሉ ሆኖ ማሻሻያ ያልተጫነበት ማሽን «ማቆያ» ይግባ ይላል፤ ከዚያ ሆኖ የሚደርሰው ማሻሻያ የሚያወርድበት ሰርቨር ጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ በሆስፒታሉ ማሽን፣ በሥራ ሰዓት ከመጣ የ«ሒሳብ» ሚና ይስጠው። ሦስተኛው፣ የሕክምና ባለሙያ በሆስፒታሉ ማሽን ከመጣ የ«ሕክምና» ሚና ይስጠው፤ እዚህ ላይ ሰዓት አልተጠቀሰም፣ ምክንያቱም ሌሊት ተረኛ አለ። ረድፉን የጻፈው ሰው ሆስፒታሉን እንደሚያውቅ የሚታወቀው በዚህች ያልተጻፈች ሰዓት ነው። አራተኛው፣ ማንኛውም ሠራተኛ ኢንተርኔት ብቻ ያግኝ። አምስተኛው፣ ሌላው ሁሉ ይመለስ።

ገንዘብ ያዥዋ ሰኞ ጠዋት በቢሮ ላፕቶፗ ስትመጣ ሁለተኛው ረድፍ ይይዛታል። እሑድ በዚያው ላፕቶፕ ብትመጣ ሰዓቱ ስለማይገጥም ሁለተኛውን ታልፋለች፣ ሦስተኛው አይመለከታትም፣ አራተኛው ላይ ታርፋለች። በግል ስልኳ ሰኞ ብትመጣም እንዲሁ። ሴትየዋ አንዲት ናት፤ ፍርዱ ሦስት ጊዜ በሦስት ሁኔታ ተሰጠ፣ አንዳቸውም ስሟን አላነሡም።

አሁን አራተኛውን ረድፍ አንሥተን የመጀመሪያው ላይ እናድርገው። ሁሉም ሠራተኛ እዚያው ይያዝና ኢንተርኔት ብቻ ያገኛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ተጽፈው ሳለ ሞተዋል። ይህ ስሕተት ግን ጯሂ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ይደወላል፣ ይታረማል። የሚያስፈራው ሌላው ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ወደ ታች፣ ከሦስተኛው በኋላ እናውርደው። ማሻሻያ ያልተጫነበት፣ ምናልባትም ቫይረስ የያዘው ላፕቶፕ ሐኪሙ ስለያዘው ብቻ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተይዞ የሕክምና ሚና ያገኛል። ሥራው ይሄዳል። ማንም አይደውልም። ፖሊሲው ወረቀት ላይ ያው አምስት ረድፍ ነው፣ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ጠባቡና ከልካዩ ረድፍ ከሰፊው በላይ ይቀመጥ የሚለው የሙያው ልማድ የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ዝምተኛ ስሕተት ነው።

ሌላ የምዘና ስልትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኦኤሲስ የተባለው የደረጃዎች ማኅበር ያወጣው ዛክምል የተሰኘው የፖሊሲ ቋንቋ ሁሉንም ረድፍ አንብቦ፣ አንዱ እንኳ ከከለከለ ክልከላው ያሸንፍ ማለት ያስችላል። የተለያዩ ክፍሎች የየራሳቸውን ደንብ በሚጽፉበት ትልቅ ድርጅት ይህ ጠቃሚ ነው፤ የአንዱ ልግስና የሌላውን ጥንቃቄ አይሽርም። ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት ግን የመጀመሪያው ይያዝ የሚለውን እመርጣለሁ። በጣት እየተከተሉ ሊነበብ ይችላል። ያልተማረበት አዲስ ባለሙያም ቢሆን «ይህ ሰው ለምን ተመለሰ?» ሲባል ረድፉን ጠቁሞ ማሳየት ይችላል።

ሚናው ከተሰጠ በኋላ ሁለተኛ ምዘና ይጀምራል። ገንዘብ ያዥዋ ገብታለች፤ ወደ ሒሳብ ሰርቨሩ መሄድ ትችላለች፣ ወደ ላቦራቶሪ ውጤቶች ግን አትችልም። በድሮው አሠራር ይህ በአድራሻ ነበር የሚጻፈው፤ 400 ሠራተኛና 20 ሰርቨር ያለው ተቋም 8,000 የሚሆኑ ጥንዶችን ማሰብ አለበት፤ ሰው ክፍል በቀየረ ቁጥር ዝርዝሩ ይበላሻል። በሚና ሲሆን ስምንት ሚናና አምስት የሰርቨር ዓይነት ቢኖር 40 ሣጥን ያለው ሰንጠረዥ ይበቃል። ያ ሰንጠረዥ አንድ ገጽ ላይ ይታተማል፤ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አንብቦ ሊፈርምበት ይችላል። አንዳንድ ስዊቾች የሚናውን ቁጥር በእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ላይ 16 ቢት በሆነ ምልክት ይለጥፉታል፤ ጥቅሉ በሄደበት ሁሉ ሚናውን ይዞ ይሄዳል፣ በየደረሰበት መተላለፊያ ይታያል። ጥሩ ሰንጠረዥ ሲያዩት አብዛኛው ሣጥን ዝግ ነው።

ሚና እንዴት ይነጠቃል የሚለው ጥያቄ የፖሊሲውን ጥራት ከምንም በላይ ይፈትነዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ የላስታ ነገሥታት በሚገዙበት ዘመን፣ በግብፅ በዐረብኛ የተጻፈና በአቡ ሷሊሕ ስም የሚታወቅ መጽሐፍ ስለ ሐበሻ ነገሥታት አንድ አስደናቂ ነገር ይናገራል። ነገሥታቱ ካህናት ነበሩ፤ መቅደስ ገብተውም ይቀድሱ ነበር። ይህ የሚጸናው ግን ንጉሡ በገዛ እጁ ሰው እስካልገደለ ድረስ ነው፤ ከገደለ በኋላ መቀደስ አይችልም። ደንቡ ምን ያህል ጥንቃቄ እንዳለበት ተመልከቱ። ንጉሡ አልተሻረም፤ ዘውዱም ግብሩም ሠራዊቱም እጁ ላይ ነው። የተነሣው አንድ ሚና ብቻ ነው። የተነሣውም በጊዜ ማለፍ ሳይሆን በአንድ ድርጊት ነው፤ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቅጽበት መጋረጃው ተዘጋ። ሁለት ሚና በአንድ ሰው ላይ ሲደረብ አንዱን ከሌላው ሳይነኩ ማውረድ መቻል፣ ዛሬ እንኳ ብዙ ተቋም በኮምፒውተሩ ማድረግ ያልቻለው ነገር ነው።

ገንዘብ ያዥዋ ረፋዱ ላይ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ተዛወረች እንበል። መዝገቡ ተለወጠ፤ ላፕቶፗ ግን ጠዋት በተሰጣት ሚና እንደተገናኘ ነው። ፍርዱ ደጅ ላይ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ገመዱን እስክትነቅል ድረስ የሒሳብ ሰርቨሩን ታያለች። ስለዚህ ሰርቨሩ ስዊቹን ሳይጠየቅ የሚያናግርበት መንገድ ተሠራ፤ «ያቺን ግንኙነት እንደገና መዝን» የሚል ትእዛዝ ነው። የአሁኑ ዝርዝር መግለጫው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ስዊቹ ሚናውን ይቀይራል፤ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ያ በር አለት ይሆናል። ይህን መንገድ ሳይዘረጉ በሚና የሚሠራ አውታር አለን ማለት ካህን ሲሾም መዝግቦ ክህነቱ ሲፈርስ አለመመዝገብ ነው።

መናገር የማይችሉ እንግዶችም አሉ። የሕትመት ማሽን፣ የደኅንነት ካሜራ፣ አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ የይለፍ ቃል የሚመልስ አፍ የለውም። ሰርቨሩ የሚያውቃቸው ፋብሪካው በሰጣቸው የማክ አድራሻ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ሰው በራሱ ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ሊጽፈው ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ ለሕትመት ማሽን የሚሰጠው ሚና የሚያደርሰው ወደ አንድ ሰርቨር ብቻ ነው። በደካማ ማስረጃ የገባ ጠባብ ክፍል ያገኛል፤ የማስረጃው ጥንካሬና የክፍሉ ስፋት አብረው ይሄዳሉ።

ሰርቨሩ ባይመልስስ? መብራት ይጠፋል፣ መስመር ይቋረጣል፤ በእኛ አገር ይህ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር አይደለም። ስዊቹ ሁሉን ቢዘጋ ተረኛዋ ነርስ የታካሚውን መዝገብ ማየት ያቅታታል፤ ሁሉን ቢከፍት ኤሌክትሪክ ማጥፋት የሚችል ሰው ሁሉ ገባ ማለት ነው። የበሰለ ሥራ አስቀድሞ ለዚያ ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ጠባብ ሚና ያዘጋጃል፤ የታካሚ መዝገብ ይታያል፣ ሒሳቡና ደመወዙ ሰርቨሩ እስኪመለስ ይቆያሉ። የቱ ይቅር፣ የቱ አይቅር የሚለውን የሚወስነው የሆስፒታሉ ሥራ እንጂ የስዊቹ አምራች አይደለም። ፋብሪካው አስቀድሞ ያስቀመጠውን ምርጫ ሳያዩ መተው ትልቅ ስንፍና ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ ይህን ሥራ ለያዛችሁ የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ሳምንት ፖሊሲያችሁን ክፈቱና የመጨረሻውን ረድፍ ተመልከቱ። «ሌላው ሁሉ ይግባ» የሚል ከሆነ ከላዩ ያለው ልፋታችሁ ሁሉ ሜዳ ላይ የቆመ አጥር ነውና መጀመሪያ እሱን ለውጡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ረድፍ ጎን ማን እንዳስጻፈው፣ ለምንና መቼ እንደሆነ በአማርኛ ጻፉ፤ «ለጊዜው» ተብሎ ገብቶ ዓመት የሞላውን ሰርዙ። ስትፈትኑም የተፈቀደለት መግባቱን አይታችሁ አትመለሱ፤ የማይገባውን ሰው በማይገባው ማሽን፣ በማይገባው ሰዓት አስገብታችሁ ሞክሩና የትኛው ረድፍ እንደመለሰው ከመዝገቡ አንብቡ።